ጭስ ጭስ የሚለው ሻይ እንዴት ይቀመሳል?

«ይሄ ሻይ ተቃጥሏል እንዴ?» ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አላስታውስም። ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ቆንጆ ጣሳ ሻይ በስጦታ ያመጣል። ጣሳው ላይ ከአንድ ልብ ወለድ የተወሰደ ስም አለ፤ ዘንዶ፣ መርማሪ፣ የባሕር ወንበዴ ወይም ጠንቋይ። ሲከፈት የማገዶ ጭስ ይሸታል። ውስጡ የቀረፋና የቅርንፉድ ስብርባሪ ይታያል። ባለቤቱ እንደ ለመደው ሻይ ያንተከትከዋል፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ይጨምርበታል፣ አንዴ ፉት ይላል። ከዚያ ጣሳው ቁም ሳጥን ጥግ ይገባል።

ሻዩ አልተቃጠለም። ጭሱ ሆን ተብሎ የገባ ነው። የእነዚህ ቅይጦች መሠረት ብዙ ጊዜ ላፕሳንግ ሱቾንግ የሚባለው የቻይና ጥቁር ሻይ ነው። ከፉጂያን ግዛት፣ ከዉዪ ተራሮች የሚመጣ ሲሆን ቅጠሉ በጥድ እንጨት ጭስ ይታጠናል። እኛ የጠላ ጋን በወይራ እንደምናጥነው ማለት ነው። እናቴ መጀመሪያ ፉት ስትለው «ይሄ ነገር የታጠነ ጋን ይሸታል ልጄ» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም።

ስኒው ውስጥ ሦስት ነገር ተደራርቧል፦ ጭስ፣ ሻይ፣ ቅመም። የመቅመስ ሥራው ሦስቱን ለየብቻ ማግኘት ነው። ጭሱ ቀድሞ ስለሚመጣ ሌሎቹን ሳንሰማቸው እንፈርዳለን። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ ችግር መፍትሔ ናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዱባችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቅይጡ ሻይ፣ 10 ግራም ያህል
- ቅመም የሌለው ተራ ጥቁር ሻይ፣ 2 ግራም፣ ለማነጻጸሪያ። የውሽውሽ ቅጠል ካላችሁ በጣም ጥሩ ነው።
- ሽታ የሌለው ውሃ፣ 1.5 ሊትር
- ውሃ ማፍያ፣ እና ክዳን ያለው ትንሽ በራድ
- ውስጣቸው ነጭ የሆኑ ስኒዎች፣ ቢያንስ አራት። ነጭ የሆነው የሻዩ ቀለም በትክክል እንዲታይ ነው።
- ማጥለያና ነጭ ሳህን
- የኩሽና ሚዛን፤ ከሌለ የሻይ ማንኪያ
- ደቂቃ መቁጠሪያ፤ የስልካችሁ ይበቃል
- አንድ ቁራጭ ቀረፋ፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ሁለት ፍሬ ሄል፣ ቀጭን ቁራጭ ዝንጅብል
- ቅመም የሌለው ዳቦና ለብ ያለ ውሃ፣ አፍ ለማጽዳት
- ደብተርና እስክሪብቶ

ከመጀመራችሁ በፊት ልብ በሉ

የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። እንዲህ ያሉ ቅይጦች ለውዝ ነክ ነገሮች ወይም ቸኮሌት ሊኖራቸው ይችላል። አለርጂ ያለበት ሰው ሳያይ አይቅመስ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር ይገባባቸዋል። እሱ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት ያለባችሁ ተጠንቀቁ።

ጥቁር ሻይ ካፌይን አለው። ማታ አትቅመሱት። ነፍሰ ጡሮችን በተመለከተ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2015 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 200 ሚሊ ግራም ነው። ቡናም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። የደም ማነስ ያለባችሁ ከምግብ ጋር አትጠጡት፤ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል።

ጭስና ሻጋታን ደግሞ አታምታቱ። የታጠነ ሻይ እንጨት፣ ሙጫ፣ አንዳንዴም የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። እርጥብ ጆንያ ወይም ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ቅጠሉ ተያይዞ ከጓጎለ፣ ጣሉት። አፍልቼ አድነዋለሁ አይባልም።

1. ቤቱንም አፍንጫችሁንም አዘጋጁ

እጣን በጨሰበት፣ ቡና በተቆላበት ወይም ሽንኩርት በተቁላላበት ክፍል አትቅመሱ። መስኮት ክፈቱና ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። አፍንጫ ሽታ ይለምዳል። በጭስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጭሱን መስማት ያቆማል፤ የሻዩንም ጭስ አይሰማም። ሽቶም አትቀቡ።

በርበሬ ያለበት ወጥ ከበላችሁ ለሌላ ጊዜ አድርጉት። የሚያቃጥል ምላስ የዝንጅብልና የቁንዶ በርበሬን ሙቀት አይለይም። ጥሩው ሰዓት ረፋድ ነው፣ ቀለል ያለ ቁርስ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ።

2. ስሙን ሸፍኑት

ጣሳው ላይ ወረቀት ለጥፉበት። ከተቻለ ሌላ ሰው ሻዩን ያዘጋጅላችሁ፤ እናንተ ስሙን አትዩ። ይህ የሚደረግበት ምክንያት አለ። «የዘንዶ እስትንፋስ» የሚል ነገር ያነበበ ሰው እሳት ይቀምሳል፣ ስኒው ውስጥ እሳት ባይኖርም። መጀመሪያ ሻዩን ስሙት። ታሪኩ በኋላ ይደርሳል፤ 9ኛው እርምጃ ላይ እንመጣበታለን።

3. ደረቁን ቅጠል እዩ፣ አሽትቱ

ጣሳውን ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት። ቅመሙ ከቅጠሉ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ብቻ ከዘገናችሁ ጭስ ብቻ ትጠጣላችሁ፤ የመጨረሻዎቹ ስኒዎች ደግሞ ቅርንፉድ ብቻ ይሆናሉ። ብዙ ሰው «መጀመሪያ ሌላ ነበር፣ አሁን ተለወጠ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሱና በጣታችሁ ለዩት። ጥቁሩ የተጠማዘዘ ቅጠል ሻዩ ነው። ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን፣ የብርቱካን ልጣጩን አውጥታችሁ ተራ በተራ አሽትቱ። ደረቅ የአበባ ቅጠሎች ካሉ አብዛኛውን ጊዜ ለዓይን ነው የገቡት፤ ጣዕም አትፈልጉባቸው። ትልቅና የተሸበሸበ ጥቁር ሄል ካገኛችሁ ግን ልብ በሉት። እሱ በእሳት ላይ ስለሚደርቅ የራሱ ጭስ አለው። የምታሸቱት ጭስ ሁሉ ከሻዩ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ከዚያ ስኒ በፈላ ውሃ አሙቁ፣ ውሃውን ድፉት፣ አድርቁት። ደረቁን ቅጠል ጨምራችሁ በእጃችሁ ክደኑት፣ ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት። አሁን እጃችሁን አንሱና አሽትቱ። ቅጠሉ ሲሞቅ ሽታው ይነሳል። ቀዝቃዛው ቅጠል ላይ ያልሰማችሁት ብርቱካን ወይም ቫኒላ እዚህ ጋ ብቅ ይላል።

4. መዝኑ

ዓለም አቀፉ የሻይ መቅመሻ መስፈርት፣ አይ ኤስ ኦ 3103፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ሻይ ይላል፤ ቆይታው 6 ደቂቃ። ይህ ለመጠጫ ወፍራም ነው። ለመቅመሻ ግን ይረዳል፣ የሻዩን ጉድለትም ውበትም አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ ለ300 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ውሰዱ።

ሚዛን ከሌላችሁ ሦስት ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ይጠጋዋል። ግን ማንኪያ ያሳስታል። ረጅም ቅጠል ያለው ሻይ ማንኪያ ላይ ብዙ ይመስላል፣ ሲመዘን ቀላል ነው።

5. ውሃውን በአግባቡ አፍሉ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ስኒ የሚበላሸው በውሃው ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የሚሸት ከሆነ በሰፊ ዕቃ ከፍታችሁ አሳድሩት ወይም የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ። የክሎሪን ሽታ ከጭስ ጋር ሲገናኝ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጋዝ ያለው የማዕድን ውሃ አይሆንም፤ ማዕድኑ የሻዩን ጣዕም ያደነዝዘዋል።

አሁን ስለ ከፍታ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። 300 ሜትር ገደማ ከፍ ባላችሁ ቁጥር የመፍላት ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ስለዚህ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ግን 100 ዲግሪ የተጠጋ ውሃ ያገኛል። ማሸጊያው ላይ ያለው ደቂቃም የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ስለዚህ ደጋ ላይ ያላችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። በራዱን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ አሙቁት፣ ያለችው ሙቀት በቀዝቃዛ ዕቃ እንዳትሰረቅ። ከዚያ በየቆይታው ላይ አንድ ደቂቃ ጨምሩ።

ውሃው እንደፈላ ቅጠሉ ላይ አፍስሱት፤ ቅጠሉን እሳት ላይ አትጣዱት። የቤታችን ቅመም ሻይ ሲንተከተክ ያምርበታል፣ ቅመሙ ሙሉ ፍሬና እንጨት ስለሆነ። ይህኛው ቅይጥ እንዲያ ከተደረገ ጥሩው ሽታ በእንፋሎት ይሄዳል፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን ደግሞ በብዛት ይወጣል። የሚቀረው መራራ ጥቁር ውሃ ነው።

6. ከአንድ በራድ ሦስት ስኒ ቅዱ

ቅጠሉ ላይ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሱ፣ ክደኑ፣ ሰዓት ያዙ።

- 2 ደቂቃ ሲሞላ (ደጋ ላይ 3) አንድ ሦስተኛውን በማጥለያ ወደ መጀመሪያው ስኒ ቅዱ።
- 4 ደቂቃ ሲሞላ (ደጋ ላይ 5) ሌላውን ሦስተኛ ወደ ሁለተኛው።
- 6 ደቂቃ ሲሞላ (ደጋ ላይ 7) የቀረውን ወደ ሦስተኛው።

በአራተኛው ስኒ ተራውን ሻይ አዘጋጁ፦ 2 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር፣ 4 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ 5።

ሦስት ስኒ ያስፈለገው ሁሉም ነገር እኩል ስለማይወጣ ነው። ጭሱ ቅጠሉ ላይ ስላለ ቶሎ ይለቃል። የሻዩ አካል ይከተላል። የቀረፋ ቅርፊትና የቅርንፉድ ፍሬ ጠንካሮች ናቸው፤ ውሃ እስኪገባቸው ይቆያሉ። በአንድ ስኒ ብቻ የቀመሰ ሰው ከሦስቱ ምዕራፍ አንዱን ብቻ ነው ያነበበው።

በራዱን ከማጠባችሁ በፊት እርጥቡን ቅጠል አሽትቱ። ጭሱ ከጥድ መምጣቱ በጣም የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ሙጫ ሙጫ ይላል።

7. ፉት በሉ፣ በአፍንጫ ተንፍሱ

መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ስኒውን በባዶ እጅ ሳትጨነቁ መያዝ ስትችሉ ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥ የጉሮሮ ቱቦ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑን አሳውቋል። ለመቅመሱም ቢሆን የተለበለበ ምላስ ምንም አይነግራችሁም።

በመጀመሪያ ይህን ሞክሩ። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ያዙና ከመጀመሪያው ስኒ ፉት በሉ። ዋጡት። መራራ ነገር ትሰማላችሁ፣ ምላስ ይያዛል፣ ሌላ ምንም የለም። አሁን ጣታችሁን ልቀቁና በአፍንጫ ተንፍሱ። ጭሱ ከጉሮሮ ተነስቶ ድንገት ይሞላችኋል። ይህን ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ዓይናቸው ይፈጣል። ጭስ ምላስ የሚቀምሰው ነገር አይደለም፤ ሽታ ነው፣ በጀርባ በር የሚገባ። ቅመሞቹም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው።

ከዚህ በኋላ አቀማመሱ ይህ ነው። በማንኪያ ትንሽ ውሰዱና ከአየር ጋር ድምፅ እያሰማችሁ ሳቡት። ገበታ ላይ ነውር ነው፤ የሻይ ቀማሾች ግን ሥራቸው ይሄው ነው። አየሩ ሻዩን አፍ ውስጥ ይበትነዋል፣ ሽታውንም ወደ አፍንጫ ይገፋዋል። ለሦስት ሰከንድ ያህል አፋችሁ ውስጥ አንከባሉት፣ ዋጡ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ።

በየስኒው ሦስት ጥያቄ መልሱ። መጀመሪያ ምን መጣ? መሐል ላይ ምን ተሰማኝ? ከዋጥኩ በኋላ ምን ቀረ፣ ለስንት ሰከንድ? ወዲያው ጻፉት። ሁለተኛው ስኒ የመጀመሪያውን ያስረሳል።

ከደብተሬ አንዱን ላሳያችሁ፦ «3 ደቂቃ፦ የታጠነ ጋን፣ ሙጫ። ሻዩ ቀጭን። 5 ደቂቃ፦ ጭሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ የደረቀ ቴምር የመሰለ ጣፋጭነት። 7 ደቂቃ፦ ቅርንፉድ፣ የምላሴ ጫፍ ደነዘዘ። አፍ ያደርቃል።» የተራቀቀ ቋንቋ አያስፈልግም። ጋን፣ ማገዶ፣ የወይራ ጭስ፣ የተቆላ ገብስ፣ አዲስ ቆዳ፣ የዶሮ ጥብስ ብላችሁ ጻፉ። የምታውቁት ሽታ ነው ትክክለኛው ቃል።

በስኒ መካከል ዳቦ ቁረሱ፣ ለብ ያለ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ተራውን ሻይ ቅመሱ። ቅይጡ ውስጥ ሻይ የሆነው የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ሦስቱንም ስኒ ለብ ሲሉ እንደገና ቅመሱ፤ ሲቀዘቅዝ ጭሱ ዝቅ ይላል፣ የተደበቀው ቅመም ይወጣል።

8. ቅመሞቹን በስም ለዩ

ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ዝንጅብል በየብርጭቆው አድርጉና ጥቂት የፈላ ውሃ አፍስሱባቸው። 5 ደቂቃ ይቆዩ። አንዱን አሽትታችሁ ወዲያው ሦስተኛውን ስኒ አሽትቱ። የሚገጥመው ሽታ ከስኒው ውስጥ ጎልቶ ይወጣል።

ቅርንፉድ ከሽታው ሌላ ምልክት አለው፣ ምላስ ያደነዝዛል። ጥርስ ሲያም የሚነከሰውም ለዚህ ነው። ዝንጅብል ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ቁንዶ በርበሬ ምላስ ጫፍ ላይ ይወጋል። እንስላልን የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ካገኛችሁ ኮከብ የሚመስለው አኒስ ሊሆን ይችላል። ሄልና ኮረሪማን አታምታቱ፤ ከውጭ በሚመጡ ቅይጦች ውስጥ የሚገባው ሄል ነው።

9. አሁን ስሙን ግለጡ

ወረቀቱን አንሱ፣ ጣሳው ላይ ያለውን አንብቡ። ከዚያ ማስታወሻችሁን ከታሪኩ ጋር አስተያዩ። ስሙ ዘንዶ ከሆነ፦ ጭሱ እስከ መጨረሻው ይቆያል ወይስ ብልጭ ብሎ ይጠፋል? ቅመሙ ጉሮሮ ያሞቃል? ስሙ መርማሪ ከሆነ፦ የምድጃ እሳት፣ ትምባሆ፣ የቆዳ ወንበር የሚያስታውስ ነገር ጽፋችኋል? ስሙን ሳታውቁ የጻፋችሁት ቃል ከታሪኩ ጋር ከገጠመ ቅይጡን ያዘጋጀው ሰው ተሳክቶለታል። ምንም ካልገጠመ ታሪኩ ያለው ጣሳው ላይ ብቻ ነው። ሻዩ ግን በራሱ ሊጣፍጥ ይችላል፤ ሁለቱን ለየብቻ ፍረዱ።

10. ስኳርና ወተት በመጨረሻ

ለመጠጫ አዲስ አዘጋጁ፦ 3 ግራም በ250 ሚሊ ሊትር፣ 4 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ 5። በትንንሽ ስኒ ከፋፍሉት፣ በእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ስኒ ብትጨምሩ የቱ እንደረዳ አታውቁም።

ግማሽ ማንኪያ ስኳር መራራውን ያለዝባል፣ ቀረፋውን ከፍ ያደርጋል። ወተት ታኒኑን ይይዘዋል፣ አፍ ማድረቁ ይቀንሳል፤ ጭሱን ግን ብዙም አይደብቀውም። ማር ከሆነ ነጭና ለስላሳ ማር ይሁን፤ ኃይለኛ ማር ሁሉንም ይሸፍናል። ሎሚ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ከጭስ ጋር ግን ብዙ ጊዜ አይስማማም። ብርቱካን ልጣጭ ካለበት ብቻ ሞክሩት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ጭሱ በዛ ብሎ ቅጠል መቀነስ አያዋጣም። ቅጠል ስትቀንሱ ሻዩም ቅመሙም አብሮ ይቀንሳል፣ የጭስ ውሃ ይቀራል። ከዚያ ይልቅ ቅይጡን ከተራ ጥቁር ሻይ ጋር እኩል አደባልቁት። ጭሱ ይለዝባል፣ ሻዩ ይወፍራል።

ማጥለያ ኳስ ውስጥ ቅጠሉን አትጠቅጥቁ። ቅጠሉ ሲርስ ይነፋል፣ ቦታ ካጣ መሐሉ ደረቅ ይቀራል። ቅጠሉን በማንኪያ መጭመቅም ምሬት ያወጣል።

በመጀመሪያው ፉት አትፍረዱ። ለጭስ ያልተዘጋጀ አፍንጫ በመጀመሪያው ጊዜ አደጋ ነው ብሎ ነው የሚሰማው። ሦስተኛው ፉት ላይ ይረጋጋል።

የመጨረሻው የአቀማመጥ ነገር ነው። እኔ ጣሳውን በደንብ ሳልከድን ከቡና ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጥሬ ቡናው ሁሉ ጭስ ጭስ አለኝ። ታጥቦም አልለቀቀም። ሻዩን ጥብቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አድርጉት፣ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቁት፣ ከቡና፣ ከስኳርና ከዱቄት የተለየ ቦታ ስጡት። የቀዳችሁበትን ማንኪያም አድርቁት፤ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሳ ውስጥ ከገባ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው።